እንግዳ ሲመጣ አጎበር ይነሳል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠዋት የሚጀምረው በድምፅ ማጉያ ነው። ቤቶቹ በተደረደሩበት በየመስመሩ መግቢያ ከቆመው ምሰሶ ላይ አንዲት የተረጋጋች ሴት «ክቡራን ነዋሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ» ትላለች። ሰዉ እትዬ ማለዳ ብሎ ስም አውጥቶላታል። ሰው አይደለችም፤ ግን ከብዙ ሰው ይልቅ ጨዋ ናት። አትቸኩልም፣ አንቱታ አታጓድልም፣ የደረሳትን አትጨምርም አትቀንስም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተገጠመው ወጥመድ ትናንት የያዛትን ትንኝ ሁሉ መርምሮ በሆዷ የማን ደም እንዳለ፣ በደሙም ውስጥ ምን እንደተገኘ ይነግራታል፤ እሷም ለመስመሩ ሰው ታነብባለች። ስም መጥራት በደንቡ ክልክል ስለሆነ የምትጠራው የቤት ቁጥር ነው። የጎረቤቱን የቤት ቁጥር የማያውቅ ሰው ግን በመስመሩ ውስጥ የለም።

ሰዉ ይህን የሚያዳምጠው ጥርሱን እየፋቀና የበርሜሉን ክዳን እየነካካ ነው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ በርሜል የሌለው ቤት የለም፤ ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ በርሜል ደግሞ የትንኝ መፈልፈያ ነው። ይህቺ ትንኝ እንደ ወባዋ ረግረግ አትሻም። ንጹሕ ውሃ ትወዳለች፣ የምትነክሰው በቀን ነው፣ የምታርፈውም ከመጋረጃ ኋላና ከተሰቀለ ልብስ ሥር ነው። የባለሙያ ሴት ቤት ነው የሚስማማት ብለው ይቀልዱባታል። ከተማዋ ድሮ በብርዷ ትታወቅ እንደነበር ለልጆች ሲነገራቸው ይስቃሉ። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ሣጥን ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ አልጋ ላይ ያለው አጎበር ነው።

ይህቺ ትንኝ የምታመጣውን የደንጊ ትኩሳትም ሰዉ ለምዶታል። አዲስ ጎረቤት ሲመጣ ከየት እንደመጣ ከተጠየቀ በኋላ የሚጠየቀው «የትኛው ይዞሃል?» ተብሎ ነው። አራት ዓይነት ነው። አንዱ የያዘው ሰው ያው ዓይነት አይመለስበትም፤ ሌላኛው ሲመጣበት ግን ከመጀመሪያው ሊብስበት ይችላል። ይህን የማያውቅ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የለም።

የቤት ቁጥር ሠላሳ አንድ እመቤት ወይዘሮ ሶልያና ትባላለች። ባሏ አቶ ይድነቃቸው የመኪና ባትሪ ጠጋኝ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እሱን ሁለተኛው ዓይነት ደንጊ ጣለው። ዓይኑን ከኋላ የሚገፋው ነገር ያለ ይመስል ግንባሩን ይዞ አቃሰተ፣ አጥንቱን ሰበረኝ አለ። የመስመሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ረድኤት ወዲያው መጥታ አጎበር ዘረጋችበት። ረድኤት ገና ወጣት ናት፤ ሥራዋን በተመለከተ ግን ማንንም አታፍርም። ትኩሳቱ እስኪለቀው ድረስ አጎበሩ እንዳይነሳ ብላ አስጠነቀቀች። በሽታው በትንፋሽም ሆነ በእጅ አይተላለፍም፣ ያለ ትንኝ አይሄድም። በእነዚህ ቀናት እሱን የነከሰች ትንኝ ከደሙ ጋር ቫይረሱን ትጠጣለች፣ ከሳምንት በላይ በሰውነቷ ውስጥ ሲበስል ቆይቶ ምራቋ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ለነከሰችው ሁሉ ታድላለች። አጎበሩ እሱን ከትንኝ ሳይሆን ሰፈሩን ከእሱ የሚጠብቅ ነው። ወጥታ በር ላይ ከደረሰች በኋላም ተመልሳ፣ ትኩሳቱ ሲወርድ እሰይ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ የሚገድለው ያኔ ነው አለች። ውሃው ከደም ሥር እየሾለከ ሰውነት የሚከዳው ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ነው። እጅ ከቀዘቀዘ፣ ሆድ ከቆረጠ፣ ድድ ከደማ ቶሎ ጥሩኝ ብላ ሄደች።

ሶልያና ሁሉንም ገብቷታል። የአጎበሩን ጠርዝ ዙሪያውን በፍራሹ ሥር ወትፋ አስቀመጠችው። ችግሩ የመጣው ጠያቂ ሲመጣ ነው።

በዚህ መስመር ጠያቂ ግንባር ዳስሶ፣ ትራስ አስተካክሎ፣ «እግዜር ይማርህ» ካላለ የጠየቀ አይመስለውም። አጎበር ውስጥ የተኛ ሰው ደግሞ ከበሩ ሲያዩት የተከፈነ ይመስላል። ጎረቤቷ ወይዘሮ ኤልዳና ለበሽተኛው ያመጣችው ብርቱካን በአጎበሩ ጠርዝ ሾልኮ ሲገባ ሶልያና ኀፍረት ጨመደዳት፤ ቢሆንም ቻለችው። እትዬ ፌቨን ሲመጡ ግን አልቻለችም።

እትዬ ፌቨን የቤት ቁጥር አርባ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ስለነበሩ የመስመሩ ልጆች ግማሹ ሀ ሁ የቆጠረው እሳቸው ጭን ላይ ነው። ሰው ታመመ ሲባል ከዘመድ በፊት የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያሉትን ሴት ከመረብ ማዶ ቁሙ ማለት ለሶልያና ከፊታቸው በር እንደመዝጋት ሆነባት። አጎበሩን አንስታ ቋጠረችው። እሳቸውም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጨርቅ እያራሱ ግንባሩ ላይ እያደረጉ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲያጫውቱት ዋሉ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎች መጡ። ለአንዱ የተነሳ አጎበር ለሌላው ቢወርድ ቅያሜ ነው። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ እንግዳ ባለ ቁጥር አጎበሩ ተነስቶ ዋለ።

ይድነቃቸው ዳነ። ትኩሳቱ የወረደ ቀን ረድኤት ግማሽ ቀን ሙሉ ከአጠገቡ ሳትለይ እጁን እየዳሰሰች አሳለፈችው። ሳምንት ከምናምን አልፎ «እንኳን ማረህ» ሊሉ የመጡ ጎረቤቶች ቤቱን ሞሉት። እትዬ ፌቨን ከመጋረጃው አጠገብ ተቀምጠው በሉ፣ ሳቁ፣ መርቀው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ማለዳ እንዲህ አለች፦ «በቤት ቁጥር ሠላሳ አንድ አንዲት ትንኝ ተይዛለች። የተሸከመችው ሁለተኛው ዓይነት ደንጊ ነው፤ የተገኘውም በዚያው ቤት ታመው ከነበሩት ግለሰብ ነው። በሆዷ ያለው ደም የቤት ቁጥር አርባ ነዋሪ ነው። በዚህ ደም ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ ተገኝቷል። ክቡራን ነዋሪዎች፣ መልካም ቀን።»

ደንቡ የተጻፈው ለደንጊ ነበር። የጻፉት ሰዎች «የተገኘ ቫይረስ ሁሉ ይነገር» ብለው አለፉት፤ ሌላ ነገር ሊገኝ ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እትዬ ፌቨን ይህን የሰሙት የግቢያቸው በር ላይ ቆመው፣ መፋቂያው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ነው። ከዚያ በፊት አያውቁም ነበር። ይህ በሽታ ሳያምም ሳያሳክክ ጉበት ውስጥ ብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ጉበቱን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፣ ባለቤቱ ግን ደህና ነኝ እያለ ይኖራል። መፋቂያውን ከአፋቸው አውጥተው ገቡና በሩን በቀስታ ዘጉት።

ሶልያና የደንጊውን ነገር ስትሰማ ወዲያው ገባት። ትንኟ ከባሏ ጠጥታ እትዬ ፌቨንን ነክሳ ከሆነ፣ አጎበሩ ተነስቶ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የመጨረሻው ነገር ሲነገር ግን ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ ቤት ቁጥር አርባ አዞረ። የፊተኛውን ያስታወሰ አልነበረም። ሶልያና እፎይ አለች። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍራት ያቺ እፎይታ ናት።

መስመሩ በአንድ ቀን ሐኪም ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ያለ ነበር። በድብቅ ይጠጣሉ ያለም ነበር፤ ጠላ እንኳ የማይቀምሱትን ሴት። ልጆቻችንን አቅፈው አልነበር እንዴ፣ የእሳቸውን ደም የጠጣች ትንኝ ነገ እኛን ብትነክስስ ተባለ። ረድኤት ሰውን ሰብስባ አስረዳች። ሄፓታይተስ ሲ ከደም ወደ ደም ብቻ ነው የሚሄደው፦ ባልተቀቀለ መርፌ፣ ሰው በተላጨበት ምላጭ፣ ሳይመረመር በተሰጠ ደም። ትንኝ አታስተላልፈውም፣ ሆዷ ውስጥ ይሞታል። አብሮ መብላት፣ መጨባበጥ፣ መተቃቀፍ ምንም አያመጣም። ለጥቂት ወራት በሚዋጥ ክኒን ይድናል። እትዬ ፌቨን ልጅ ሳሉ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ መርፌ ጆሯቸውን እንደተበሱ አስታውሰው ነግረዋታል፤ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም አለች። ሰዉ ልክ ነሽ እያለ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን በቤት ቁጥር አርባ በኩል ያለውን ጥግ ትቶ በማዶ ሄደ።

ረድኤት የዚያኑ ዕለት ሶልያናን በሰው ፊት ጠየቀቻት። አጎበሩ ተነስቶ ነበር ወይ? ባለቤቷ ካመነች ወይም ምስክር ከተገኘ በሩ ቢጫ ይቀባል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ እዚያ ቤት ሰው አይሰበሰብም። ሶልያና አልተነሳም አለች። ኤልዳናም እዚያው ቆማ ነበር፣ ሌሎቹም። ሁሉም የይድነቃቸውን ግንባር በእጃቸው የዳሰሱ ናቸው። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። የሰው ገበና እንዲህ ነው የሚሸፈነው፤ ሶልያናም በሆዷ አመሰገነቻቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሊያጽናኗት መጡ፦ እንዲያ ያለ ደም ቤቷ ድረስ መጥቶባት። ኤልዳና እትዬ ፌቨን የተቀመጡበትን የወንበር ልብስ ገፍፋ በበረኪና አጠበችላት። ሶልያና ሻይ ቀዳችላቸው፣ «ምን ይደረግ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ፌቨን ታመሙ። አንደኛው ዓይነት ከዓመታት በፊት ይዟቸው ነበር፤ ይኸኛው ሁለተኛው ነው፣ ያውም የቆየ ሕመም ባለበት ጉበት ላይ። የሕክምና ቤቱ አልጋ ሞልቶ ስለነበር ረድኤት ቤታቸው አጎበር ዘረጋችላቸው። ልጃቸው ጅግጅጋ ነው የሚሠራው፤ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል። አስታማሚ ያስፈልጋቸዋል ብላ በየቤቱ ዞረች። አንዷ ልጅ አጠባለሁ አለች፣ አንዷ ወገቤን ያመኛል፣ ኤልዳና ደግሞ ቤት ልትቀባ ነበር። ሶልያና «ይድነቃቸው ገና አልጠናም» አለች። ይህን ስትል ይድነቃቸው ከኋላዋ ሁለት ሙሉ ጄሪካን አንጠልጥሎ ግቢውን እያቋረጠ ነበር። ረድኤት እሱን አየችው፣ እሷን አየቻት፣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ራሷ ብቅ እያለች ታያቸው ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኤልዳና በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ የምሥራች አለች። የእትዬ ፌቨን ትኩሳት ለቀቃቸው። በመስኮት ጠርታቸው ነበር፤ ደክሞኛል ብቻ ነው ያሉት። ተመስገን ነው፣ ሳንሄድም ሳይቀየሙንም ዳኑልን አለች። መስመሩ በሙሉ ቀለል አለው።

ሶልያና ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ። ትኩሳት ሲወርድ ምን እንደሚሆን ከዚህ አጥር ወዲህ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ረድኤት ትሄድላቸዋለች አለች ለራሷ። ረድኤት ከጠዋት ጀምሮ ታማሚ የበዛበት ታችኛው መስመር እንደወረደች ግን ታውቃለች፤ ስልኳን ሞከረችው፣ አይነሳም። ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። አጠበችው። ጣደችው። ምስር አይደለም የምትሠራው፣ ጊዜ ነው የምትገድለው፣ ይህንንም ታውቃለች። ከሄደች ለምን መጣሽ ይሏታል፣ ሰዉ ያያታል፣ እትዬ ፌቨን ደግሞ ዓይኗን ያዩታል። ይኸኛው ነው የከበዳት። ምስሩ ሊፈላ ሲል ምድጃውን አጥፍታ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

የቤት ቁጥር አርባ በር አልተቆለፈም። ግቢው ቅጠል ለብሷል፣ የጠረገው ሰው የለም። እትዬ ፌቨን አልጋቸው ላይ ናቸው፤ አጎበሩ እስከ ታች ወርዶ፣ ጠርዙ ዙሪያውን በፍራሹ ሥር ተወትፏል። በደንቡ መሠረት ነው። የሚያስነሳው እንግዳ አልመጣም።

ሶልያና ገልጣ እጃቸውን ያዘች። እንደ ውሃ ቀዝቅዟል፣ ላብ አለው። ትራሱ ላይ ከድዳቸው የወረደ ደም አለ። ሆዳቸውን ይዘው ይገላበጣሉ፣ አንድ ቦታ አያርፉም። ለድንገተኛ አደጋ ደወለች፤ እየመጣን ነው አሏት። ለይድነቃቸው እንዳደረገችው ጨውና ስኳር ያለው ውሃ በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣቸው ጀመር። ሲጠጡ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሱም።

«ሶልዬ፣ ሥራሽን ትተሽ መጣሽ» አሉ።

ይህን ስትሰማ ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«አጎበሩን እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች። «እርስዎ ሲመጡ ነው ያነሳሁት። ለረድኤት አልተነሳም ብዬ ዋሸኋት። እርስዎ ላይ ሲወራም ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ። ተነስቶልኝ አይደል ግንባሩን የዳሰስኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

እትዬ ፌቨን የተከበርኩበትን ቤት ላሳጣ እንዴ አሉ። ከዚያ ክንዳቸውን ከአንሶላው አወጡና ከክርናቸው በታች አንድ ቦታ አሳዩዋት። ምንም የሚታይ ነገር የለበትም።

«እዚህ ጋ ነው ያረፈችው» አሉ። «እንኳን ማረው ልል የመጣሁ ለት። እግሯ ዝንጉርጉር ነው፣ አይቻታለሁ። ብመታት ይሰማል፤ ሰው ሞልቶ ነበር። ሶልያና ቤት ትንኝ አለ እንዳይባልሽ ብዬ ጠጥታ እስክትነሳ ጠበቅኳት።»

ሶልያና አንገቷን ደፋች። በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ አፍራ አታውቅም። ያፈረችው ስለዋሸች ብቻ አይደለም። እኚህ ሴት ለእሷ ስም ሲሉ ክንዳቸውን ለትንኝ ሲሰጡ፣ እሷ በእሳቸው ስም ተሸሽጋ ሻይ ስትቀዳ ነበር።

«አይዞሽ፣ ለሰው አትናገሪ» አሉ እትዬ ፌቨን። «ምን ይሉሻል።»

አምቡላንሱ ደረሰ። ጓንት ያጠለቁት ሁለት ወጣቶች ወዲያው መርፌ ተክለው ፈሳሹን ሰቀሉላቸው። አንደኛው የደም ግፊታቸውን አይቶ፣ ደርሰናል፣ እስከ ማታ ቢቆይ ግን አይተርፉም ነበር አለ። በቃሬዛ አንስተው ሲያወጧቸው መስመሩ በየበሩ ቆሟል፤ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ከመንገዱ ማዶ። ሶልያና የእትዬ ፌቨንን እጅ እንደያዘች እስከ አምቡላንሱ ደጃፍ ሸኘቻቸው፣ ግንባራቸውን ሳመች። ከዚያ ዞራ ወደ ሰዉ ሄደች።

ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች። አጎበሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ለእሳቸው ደንጊውን የሰጣቸው የእኔ ቤት ነው፣ እሳቸው ለማንም ምንም አልሰጡም፣ በሩን ራሴ ቢጫ እቀባዋለሁ አለች። ያስቀረችው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ኤልዳና መንገዱን ተሻግራ መጣች፤ ፊቷ በርኅራኄ ተሞልቷል።

«ኧረ ተይ የኔ እመቤት፣ ማን ያላነሳ አለ?» አለቻት። «ሁላችንም እናነሳለን። እንግዳ መጥቶ ምን ልታደርጊ ነው?»

እውነትሽን ነው፣ ምን ታድርግ፣ ራስሽን አትጉጂ አሉ ሌሎቹም፣ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ። አንዷ እንባዋን ጠረገችላት። በአንድ አፍ ይቅር አሏት፤ ለቤት ቁጥር አርባ ስንት ሳምንት ሙሉ ያልተገኘው ደግነት ለእሷ በአንድ ደቂቃ ተትረፈረፈ።

«ይልቅ ቤት ሳትገቢ እጅሽን ታጠቢ» አለች ኤልዳና። ማስታጠቢያውን ይዛው ነው የመጣችው። ሳሙናም አለ፣ ፎጣ በትከሻዋ ጣል አድርጋለች። በሳምንት አንዴ ከሚመጣው ውሃ ቀንሳ ለጎረቤቷ ያመጣችው ነው፤ ጎንበስ ብላ ማስታጠቢያውን አዘንብላ ትጠብቃለች። ሰዉ ሁሉ ያያል።

ሶልያና እጄ ንጹሕ ነው ልትል አፏን ከፈተች። የኤልዳና እጅ ተዘርግቶ ቀረ። እንዲህ ጎንበስ ያለችን ሴት በሰው ፊት ማሳፈር ከበዳት።

እጆቿን ዘረጋች። ውሃው ወረደባቸው፣ ሳሙናውን ተቀብላ እስከ ክርኗ ድረስ አሸች፣ ኤልዳናም በደንብ፣ በደንብ እያለች ደግማ ደጋግማ አፈሰሰችላት። እትዬ ፌቨን ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው የተኙበት አምቡላንስ የኋላ በር ገና አልተዘጋም ነበር።